«የውሻ ሞት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰሞኑን ለምን ጠፋህ ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ደህና ነኝ፣ አልታመምኩም። ታዛቢ ሞቶብኝ ነው።

ለማታውቁት፣ ታዛቢ ውሻዬ ነው። ባቲ ቤቴ የመጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ግማሻችሁን አስሩጧችኋል። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው። እኔ ያደግሁበት ሰፈር «ምናገባህ»፣ «ይታየኛል»፣ «ቻለው» የሚባሉ ውሾች ነበሩ። ባለቤቱ ማታ በሩ ላይ ቆሞ ውሻውን ሲጠራ፣ መልእክቱ አጥር ተሻግሮ የሚደርስበት ቦታ ይደርሳል። ታዛቢን ሳወጣለት ከማን ጋር እንደተኳረፍኩ አሁን አልናገርም። ሰውየው ታርቆኛል፣ ይህንንም ያነባል።

13 ዓመት አብሮኝ ኖረ። ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ የኋላ እግሩ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ልጆች በድንጋይ መትተውት መሰለኝ። ቀስ በቀስ ማንከስ፣ ከዚያ መነሳት አለመቻል፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ማቃሰት መጣ። የውሻ ማቃሰት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማላዘን አይደለም። ሰው እንዳይሰማው የፈለገ ይመስል ወደ ውስጥ የሚተነፍሰው ነገር ነው። እኔና ባለቤቴ በየተራ እየተነሳን ውሃ እናቀርብለታለን፤ ምላሱን ነክሮ ይተወዋል።

የድሮ ተማሪዬ የእንስሳት ሐኪም ነው። መጥቶ አየው፣ ዳሰሰው፣ አጥንቱ ላይ የወጣ እጢ ነው አለኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ቲቸር፣ የሚድን ነገር አይደለም። ካልከፋዎት እዚሁ ቤቱ ላሳርፈው እችላለሁ» አለ። ይህ ልጅ አስረኛ ክፍል እያለ ስለ ዓድዋ ሲጠየቅ ስለ መቅደላ የሚመልስ ልጅ ነበር። እንዲህ ቃል መርጦ ሲናገር አይቼው አላውቅም።

ሦስት ቀን ስጠኝ አልኩት። በእነዚያ ሦስት ቀናት እንደ ልማዴ መጽሐፍ ውስጥ ተደበቅሁ። ያገኘሁትን ልንገራችሁ፤ ረጅም ነው፣ ቡና አፍሉ።

እንግዲህ «የውሻ ሞት» የምንለው ስድብ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ውሻ በአገራችን ታሪክ ውስጥ በብዛት የሚጻፈው ሲያብድ ነው። የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ትልቅ ብለው ከሚመዘግቧቸው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኞች አንዱ በፈረንጆቹ 1884 ማለትም በእኛ 1876/77 ዓ.ም. የተነሳው ነው። ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን አዳረሰ። ወሎን ልብ በሉ። ቀጥሎ የሚጠቀሰው ደግሞ በነሐሴ 1895 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1903) አዲስ አበባ ላይ የተነሳው ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ በሽታና ስለ ባህላዊ መድኃኒቶቹ ለብቻው ጽፈዋል፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ የፈለገ ሰው ያንብበው።

እነዚህን ሁለት ዓመቶች፣ 1884ንና 1903ን፣ ወረቀት ላይ ጽፌ ሳያቸው አንድ ነገር አስደነገጠኝ።

በዚያው በ1884 ለንደን ውስጥ ባተርሲ በሚባለው የጠፉ ውሾች ማቆያ አንድ አዲስ ክፍል ሥራ ጀመረ። የሠራው ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን የሚባል ሐኪም ነው፤ ዕድሜውን ማደንዘዣ ሲያጠና የኖረ ሰው። ባለቤት ያልተገኘላቸው ውሾች እዚያ ክፍል ውስጥ ይገባሉ፣ ክሎሮፎርም የተቀላቀለበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቀቅባቸዋል፣ ይተኛሉ፣ አይነሱም። ከዚያ በፊት እዚያ አገርም ቢሆን ውሻ የሚሞተው በዱላ፣ በገመድ፣ በወንዝ ወይም በመርዝ ነበር። «ሳያሰቃዩ መግደል» የሚባለው ሐሳብ ማሽን ሆኖ የመጣው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ዓመት የባሰ ነው። በ1903 ሁለት ጀርመናውያን፣ ኤሚል ፊሸርና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ፣ ባርቢታል የሚባል ውሕድ ውሾችን ጥሩ አድርጎ እንደሚያስተኛ አገኙ። ፊሸር ከዓመት በፊት በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሰው ነው። ፎን ሜሪንግ ደግሞ በ1889 ሚንኮቭስኪ ከሚባል ባልደረባው ጋር የውሻ ቆሽት አውጥተው የስኳር በሽታ ከየት እንደሚመጣ ያሳዩት ነው። (ስኳር ያለባችሁ ጓደኞቼ፣ የውሻ ባለዕዳ ናችሁ። እኔም አንዱ ነኝ።) ያ ባርቢታል «ቬሮናል» ተብሎ ለሰው የእንቅልፍ መድኃኒት ሆኖ ተሸጠ። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ከዚያው ቤተሰብ ፔንቶባርቢታል ተወለደ፤ ዛሬ በዓለም ላይ ሐኪሞች እንስሳን የሚያሳርፉበት ዋናው መድኃኒት እርሱ ነው።

ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ሰው ዱላ ይዞ እብድ ውሻ ሲያባርር በነበረበት ዓመት፣ ጀርመን አገር ውሻ በሰላም የሚያንቀላፋበት ዱቄት ብልቃጥ ውስጥ ገባ። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግጥምጥሞሽ ደግሞ ማስረጃ አይደለም ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

«የሠለጠኑት ራሩ፣ እኛ ጨከንን» የሚል ሰው ካለ ግን ቆይ ልበለው። መስከረም 1939 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በታወጀ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለንደን ውስጥ ብቻ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ድመቶችና ውሾች ተገድለዋል። ሂልዳ ኪን የምትባል የታሪክ ተመራማሪ ነች መዝገቡን አገላብጣ የጻፈችው። ቦምብ ገና አልወደቀም። ማንም አላስገደደም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው በሰንሰለትና በቅርጫት ይዘው ሐኪም ቤት በር ላይ የተሰለፉት። ጸጥ ያለ ሞት ስለተገኘ ብቻ መግደል ቀለለ ማለት ነው። እኔ በሦስቱ ቀን ከሁሉ በላይ የፈራሁት ይህንን ነበር፦ የማደርገው ለእርሱ ነው ወይስ ሌሊት እንቅልፍ ላጣሁት ለራሴ?

ወደ አገር ቤት ልመልሳችሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ 1961 ዓ.ም. አካባቢ ይመስለኛል፣ ታላቅ ወንድሜን የራሳችን ውሻ ነከሰው። አፉ ያርፈጠፍጣል፣ ውሃ ሲያይ ይሸሻል። አባቴ ወንድሜን ይዞ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደ፣ ፓስተር። ያኔ ክትባቱ ከበግ አንጎል የሚሠራው ዓይነት ነበር፤ 14 ቀን በተከታታይ ሆድ ላይ ይወጋል። ወንድሜ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለውን ቃል ሲሰማ እጁ ሳያስበው ሆዱ ላይ ይሄዳል። ዳነ። እኛ ግቢ የቀረውን ውሻ ግን ጎረቤት ተሰብስቦ በዱላ ጨረሰው። እኔ በአጥር ቀዳዳ አይቻለሁ። ማንንም አልወቅስም። ሌላ ምን ያድርጉ? ያ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ ሰውንም ውሻንም አይምርም፣ ዛሬም ቢሆን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2030 በውሻ ንክሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ዜሮ እናደርሳለን ብሎ ዕቅድ ይዟል፤ መንገዱ ውሻን መክተብ ነው እንጂ ውሻን መጨረስ አይደለም።

ሌላው መርዙ ነው። ይህን ያላየ የከተማ ልጅ የለም። ስትሪክኒን የሚባል ነገር በሥጋ ተጠቅልሎ ሌሊት መንገድ ላይ ይጣላል፣ ጠዋት ጋሪ ይዞራል። ስትሪክኒን እንዴት እንደሚገድል ታውቃላችሁ? ጡንቻ እንዲፈታ የሚያዘውን የነርቭ መልእክት ይዘጋዋል። መላ ሰውነት ይገተራል፣ ይንዘፈዘፋል፣ በመጨረሻ መተንፈሻው ራሱ ይቆለፋል። ሁሉ ሲሆን እንስሳው ራሱን አልሳተም። ወጣት መምህር ሆኜ በሠራሁባት አንዲት ከተማ (ስሟ ይቅር) አንዲት ቡችላ ነበረችኝ። ጠዋት ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ሆነው ባንዲራ እየተሰቀለ ሳለ ተንገዳግዳ ሰልፉ መሃል ገብታ ወደቀች። ርዕሰ መምህሩ መዝሙሩ እንዳይቋረጥ በእጁ ምልክት ሰጠ። እኔም አብሬ ዘመርኩ። 23 ዓመቴ ነበር፤ አፍሬ ነው የዘመርኩት። ለውሻ ብሎ ሰልፍ አቋረጠ እንዳይሉኝ።

ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ የነገርኳት ባለፈው ሳምንት ነው።

እንግዲህ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት በእኛ ታሪክ ውስጥ እንስሳ ያለ ክብር ኖሮ አያውቅም። ጀግኖቻችንን የምንጠራው በፈረሶቻቸው ስም አይደል? ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የእኛው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ። ሰውየው ፈረሱን ወልዶት አይደለም፤ ስሙን ከፈረሱ ነው የሚወርሰው። ነገር ግን ንጉሡ የት እንደወደቀ፣ ማን እንደቀበረው፣ ምን ብሎ እንደሞተ ተማሪ ይሸመድዳል። ታጠቅ የት ወደቀ ብዬ በፈተና ብጠይቅ ክፍሉ ሁሉ ይስቅብኛል። ክብሩ በሕይወት ዘመኑ ነው። ሲያረጅ የፈረሱም፣ የበቅሎውም፣ የአህያውም ዕጣ ያው ነው፦ አውጥቶ መልቀቅ። ቀሪውን ጅብ ይጨርሰዋል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ስንል እንስቃለን እንጂ አህያዋ ለምን እንዲህ እንዳለች አስበን አናውቅም።

ይህን ስል ግን በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን ማንሳት አለብኝ። ቻይናውያን የአህያ ቄራ ከፈቱ፤ ነዋሪው አልቀበልም ብሎ ተነሳ፤ ከሳምንታት በኋላ ተዘጋ። ብዙ ሰው ይህንን የሃይማኖትና የመጸየፍ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ አንድ ሌላ ነገርም አይበታለሁ። ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ያኖረህን እንስሳ ለጅብ መልቀቅ እንችላለን፣ በኪሎ መሸጥ ግን ሸክም ሆነብን። ወጥነት የለውም፤ ግን ስሜቱ ከአየር አልመጣም።

የቤተ መንግሥቷን ሉሉን የማትረሱ አላችሁ። የጃንሆይ ትንሿ ውሻ፤ በየፎቶው እግራቸው ሥር አለች። ካፑሺንስኪ የሚባለው የፖላንድ ጋዜጠኛ በ1978 ባሳተመው መጽሐፉ ሉሉ የመኳንንቱ ጫማ ላይ ትሸና እንደነበርና ይህንን የሚጠርግ ሠራተኛ እንደነበረ ጽፏል። መጽሐፉን ብዙ ኢትዮጵያውያን አጥብቀው ይቃወሙታል፤ እኔም ክፍል ውስጥ እንደ ማስረጃ አቅርቤው አላውቅም። የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፦ በዚያ ሁሉ የቤተ መንግሥት ወሬ ውስጥ ሕዝቡ የሚያስታውሳት ውሻዋን ነው። ከዚያው ዘመን የተረፉን የስድስት ኪሎ አንበሶች ደግሞ አሉ፣ ጃንሆይ በ1948 በፈረንጅ ያቋቋሙት ግቢ። በኅዳር 1999 ዓ.ም. ግቢው ማኖሪያ ቦታና ቀለብ መግዣ ገንዘብ ስላጠረው የአንበሳ ግልገሎችን እየመረዘ ሬሳቸውን ለሚያደርቁ ሰዎች ይሸጥ እንደነበር ዓለም ሁሉ ሰማ። የአገር ምልክት የሆነው እንስሳ ማለቴ ነው፣ ብር ላይ ያተምነው።

አሁን ከሁሉ የከበደኝን ልንገራችሁ። ይህን ጽሑፍ ሳላስበው የቆየሁት በእሱ ምክንያት ነው።

በ1977 እኔ እዚሁ ባቲ ነበርኩ። ባቲ መጠለያ ማለት ምን እንደነበር ለወጣቶቹ መናገር ይከብዳል፤ ከኮረም ጋር ስሟ በዓለም ቴሌቪዥን የዞረው ያኔ ነው። ከደጋ የወረደው ገበሬ፣ ከቆላ የወጣው አፋር፣ ሁሉም እዚህ ተገናኘ። ጠዋት ጠዋት ስንት ሰው እንደተቀበረ እንሰማ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው፣ አርባ ምናምን ዓመት ቆይቶ ለአንድ ውሻ የጻፈው ጽሑፍ ነውር አይሆንበትም? ሰው መርፌ ያጣበት አገር ላይ ለውሻ መርፌ? ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። ራሴ ነኝ ለሦስት ቀን የጠየቅሁት።

ግን ከዚያው ከ1977 የማልረሳው አንድ ሰው አለ። ሰኞ ገበያ ነው። የባቲን ሰኞ ታውቃላችሁ፤ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ ጨው የሚያመጣው፣ እህል የሚያወርደው፣ ኦሮምኛው አማርኛው አፋርኛው። በድርቅ ጊዜ ግን ገበያ ይገለበጣል። ሁሉም እንስሳውን ለመሸጥ ይወጣል፣ ገዢ የለም፤ እህል ሰማይ ይነካል፣ በሬ በእህል ቁና ይለወጣል። አንድ ገበሬ አንድ በሬ ይዞ ቆሟል። ጥንዱ መንገድ ላይ ሞቶበታል። በሬው ቆዳና አጥንት ነው፤ ሰውየውም እንደዚያው። ሥጋ ሻጭ መጣ፣ የማይረባ ዋጋ ጠራ፣ ሰውየው እሺ አለ። ብሩን ከተቀበለ በኋላ አልሄደም። የበሬውን ጆሮ በእጁ ያዘ፣ አፉን አስጠጋና «አውፍ በለኝ» አለው። ጮክ ብሎ አይደለም። አጠገቡ ስለቆምኩ ነው የሰማሁት። «አውፍ በለኝ፣ አላበላሁህም።» ከዚያ ዞሮ ሳያይ ወደ መጠለያው ሄደ።

ያ ሰው ልጆች ነበሩት፤ ከኋላው ቆመው አይቻቸዋለሁ። ረሃብ ያለበት ሰው ነው። ግን በሬውን አውፍ በለኝ ሳይል መለየት አልቻለም። ለእንስሳ ማዘን ጥጋብ የሚያመጣው ነገር ነው የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ የምነግረው ይህንን ነው።

ታሪኩን ወደ ኋላ ጎተት ካደረጋችሁትም ያው ነው። በ1880 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ከጣልያኖች ጋር ከብት ገባ፤ ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ አብሮ ገባ። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ አለቀ ነው የሚባለው። ክፉ ቀን የምንለው እሱ ነው። በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፣ ረሃቡ ከዚያ መጣ፤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ የተባለው ያኔ ነው። ገበሬ በሬው ሲሞት የሚያለቅሰው ለሁለት ነገር ነው፣ ለበሬውም ለራሱም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ያ በሽታ በ2003 ዓ.ም. (በፈረንጅ 2011) ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ፤ በሰው ጥረት ከፈንጣጣ ቀጥሎ የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። የእኛ የእንስሳት ሐኪሞች በበረሃ በግመል እየሄዱ ከተቡ። ለዚህ ሐውልት ያየ ካለ ይንገረኝ።

እሺ፣ ወደ ታዛቢ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ጎረቤታችን ሼህ መጡ። አባቴን ያውቁታል፣ እኔንም ከልጅነቴ። ውሻ ግቢ ውስጥ ስላለ እሳቸው ከበር አያልፉም፣ እኛም እናውቃለን፤ ወንበር እደጅ ይወጣላቸዋል። 13 ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። አንዴም ቅር ተሰኝተው አያውቁም፣ ታዛቢም እሳቸውን ጮኾባቸው አያውቅም። ሐኪሙ ያለውን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ዝም ብለው ቆዩና ስለ ዕርድ አወሩኝ። ሲታረድ ቢላው ይሳላል፣ እንስሳው ፊት አይሳልም፣ አንዱ እያየ ሌላው አይታረድም። «ነፍስ የሱ ናት። እኛ የታዘዝነው እንዳናስጨንቃት ነው» አሉ። ከዚያ ለተጠማ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ስላጠጣውና ምሕረት ስላገኘው ሰው አነሱልኝ። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው አለች፤ የወሎ ቤት ነው፣ ከሁለቱም ወገን ይጠቀሳል። ሼህ ሳቁና «አብሽር በቃ» ብለውኝ ተነሱ።

ፈቀዱልኝ ማለቴ አይደለም። ፈትዋ አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም አልሰጡኝም። ግን ያን ሌሊት ተኛሁ።

ልጁ መድኃኒቱን ለማግኘት ኮምቦልቻ ወርዶ ነበር። እሁድ ከሰዓት መጣ። የሚያደርገውን ሁሉ አስቀድሞ አስረዳን፤ ይህን የምጽፈው አንዳችሁም አንድ ቀን እዚህ ቦታ ብትደርሱ እንዳትደነግጡ ነው። መርፌው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጡንቻ ላይ የሚወጋ ማረጋጊያ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አያውቅም። ሁለተኛው የፊት እግሩ ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ነው፣ ያ ከ1903 ጀምሮ የነገርኳችሁ ቤተሰብ። ማደንዘዣ ነው፣ መጠኑ ብቻ ነው የበዛው። መጀመሪያ አንጎል ያንቀላፋል፣ ቀጥሎ ትንፋሽ፣ በመጨረሻ ልብ። ዓይኑ አይከደንም አለን። ከሞተም በኋላ አንዴ ወይም ሁለቴ በረጅሙ ሊተነፍስ ይችላል፣ ነፍስ ተመለሰች እንዳትሉ አለን።

ታዛቢ ከወይራው ሥር፣ ሁልጊዜ የሚተኛበት ቦታ ላይ ነበር። ባለቤቴ ጭንቅላቱን በነጠላዋ ላይ አድርጋ ያዘች። ልጁ የመጀመሪያውን ሲወጋው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። እጢው ያለበት እግር መንቀጥቀጡን ሲያቆም አየሁት። ለሁለት ወር ሳያቋርጥ የተንቀጠቀጠ እግር ነው።

ሁለተኛውን ከመስጠቱ በፊት ልጁ ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ልቀጥል?» አለኝ። አዎ ማለት አቃተኝ። በአንገቴ ነው የመለስኩለት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጆሮውን ያዝኩት። የበሬው ሰውዬ ትዝ ብሎኝ አይደለም፤ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። አፌ ላይ የመጣው ግን ያው ቃል ነበር። ስንት ነገር አለ አውፍ የሚያስብል። በዝናብ የረሳሁት ሌሊት አለ። ተናድጄ የመታሁት ቀን አለ። ያቺ ሰልፍ ላይ የወደቀችውም አለች፣ የእርሱ ባትሆንም።

ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ልጁ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ረጅም ጊዜ ሰማ። እንደነገረን አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ። ባለቤቴ ነግሯት ሳለ ደነገጠች።

ከሰፈር ያሉ ሁለት ወጣቶች ጉድጓዱን ቆፈሩልን፣ ጥልቅ አድርገው፣ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ደረደሩበት። ከመካከላቸው አንዱ ስቆ «ለውሻ መቃብር!» አለ። ሌላኛው በክርኑ ጎሸመው። እኔ አልተቀየምኩም፤ በ23 ዓመቴ እኔም ያው ነበርኩ።

ልጁ ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። የመድኃኒቱን እንኳ ብለው እምቢ አለ። ሲወጣ በር ላይ ቆሞ፣ «ቲቸር፣ ይልቅ ያኔ በታሪክ 48 የሰጡኝን ያስተካክሉልኝ» አለ። ለዓድዋ መቅደላን የጻፈ ልጅ 48ም ከየት አምጥቶ እንዳገኘ እንጃ። 50 አድርጌልሃለሁ አልኩት።

ሰኞ ጠዋት እንደወትሮው ገበያተኛው ከሌሊቱ ጀምሮ በበራችን አለፈ። ግመሎቹ፣ ፍየሎቹ። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት የሚጮህ ነበር፤ ሳይጮህ ሲቀር ባለቤቴ ነቅታ ተቀመጠች።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁና ላብቃ። የ1876ቱን የወሎ እብድ ውሻ ዘመን በተመለከተ አያቶቻችሁ ሲያወሩ የሰማችሁት ነገር ካለ፣ ስሙን ምን ይሉት እንደነበር፣ በምን ዕፅ ያክሙ እንደነበር፣ የትኛው ጠበል ይወስዱ እንደነበር፣ ታች ጻፉልኝ። ከሚሴ፣ ሐርቡ፣ ደዋ፣ ሐይቅ፣ ወረባቦ ያላችሁ በተለይ። ትልልቆቹ ሳያልፉብን።